ሁለት ዙር ሽቦ

የዳቦ ፋብሪካው ሰዎች ቅጽል ስም በማውጣት የሚቀድማቸው የለም። ሊጥ ማቡኪያውን ለሃያ ስድስት ዓመት ያሠሩትን ሽማግሌ «ጋሼ ቡኮ» ይሏቸዋል። የእህታቸውን ልጅ፣ የፋብሪካውን ኤሌክትሪሺያን ደግሞ፣ ኤሌክትሪክ መኖሩን የምትፈትሽበትን ቴስተር እንደ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ስለምትዞር «ቴስተር» ብለዋት ቀርተዋል። ማሽኗም አልተረፈችም። ጋሼ ቡኮ «ወይዘሮዋ» እያሉ ስለሚጠሯት ፋብሪካው በሙሉ ወይዘሮዋ ይላታል። አንድ አዲስ ገቢ «ወይዘሮዋ ዛሬ አኩርፋለች» ሲባል ሰምቶ፣ የባለቤቱ ሚስት መጥታ እንደሆነ ቀስ ብሎ ጠይቆ ያውቃል።

ወይዘሮዋ ከመታጠቢያ ገንዳ የማይተናነስ ድስት አላት። በድስቷ ውስጥ እንደ ቀንድ የተጠማዘዘ ብረት ይዞራል፤ ከኋላዋ በቆርቆሮ ቤት የተቀመጠው ሞተር ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል። ጋሼ ቡኮ ሊጡ መድረሱን የሚያውቁት ሰዓት አይተው አይደለም። መዳፋቸውን የማሽኗ ጎን ላይ ያሳርፉና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ «በቃት» ይላሉ። በቃት ካሉ በቃት ነው። ከእሳቸው ጋር የተከራከረ ጋጋሪ ሁሉ ዳቦው እንደ ድንጋይ ደርቆ ከምድጃ ሲወጣ አይቶ አፉን ይዟል።

ነገሩን ያመጣው አዲሱ ዋና መሐንዲስ ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ሰላምታ የማይረሳ፣ ከዘበኛው ጋር ቆሞ የሚስቅ ወጣት ነው። ብቻ አሮጌ ማሽን ሲያይ ሰውነቱን ይበላዋል። በስብሰባ ላይ ተነስቶ ወይዘሮዋ እንድትነሳ፣ በሷ ቦታ ሰዓቷ ሲሞላ በራሷ የምትቆም ማሽን እንድትመጣ፣ ጋሼ ቡኮም ጡረታቸው እስኪደርስ ሁለቱን ዓመት ማሸጊያ ክፍል እንዲቀመጡ ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡን ያቀረበው በአክብሮት ነው። ጋሼ ቡኮ ግን መሬት መሬቱን ያዩ ነበር።

ቴስተር ያን ቀን ከወንበሯ እንዴት እንደተነሳች ራሷም አታውቅም። አባቷ ሲሞት ያሳደጓት እኚህ አጎቷ ናቸው። በሕይወቷ የመጀመሪያውን አምፖል የቀየረችው በእሳቸው ትከሻ ላይ ቆማ ነው።

«ሁለት ሳምንት ስጡኝ» አለች። «ሞተሯ ላይ፣ የምትስበውን ኤሌክትሪክ የሚለካ የከረንት ሴንሰር እገጥማለሁ። ታማ እንደሆነ የምትስበው ከረንት ይነግረናል፤ ደህና ከሆነችም ይነግረናል። ቁጥር አይዋሽም።»

መሐንዲሱ ደስ አለው። ቁጥር የሚጠላ መሐንዲስ የት አለ? ቁጥር አለመዋሸቱም እውነት ነው፤ ችግሩ የተጠየቀውን ብቻ መመለሱ ነው። ቴስተር ግን ያን ቀን ይህን ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም።

በማግስቱ የወይዘሮዋን የኤሌክትሪክ ሳጥን ከፍታ ሥራ ጀመረች። ጋሼ ቡኮ ዱቄት በዱቄት እንደሆኑ መጥተው ከጀርባዋ ቆሙ።

«ይሄ ቀለበት ምንድን ነው ደግሞ?»

«ሆል ሴንሰር ይባላል፣ ጋሼ። የሞተሩ ሽቦ በመሃሉ ያልፋል። ሽቦ ውስጥ ከረንት ሲሄድ ዙሪያውን ማግኔት ይፈጥራል አይደል? ይሄ የማግኔቱን ጉልበት ይለካና በቮልት ይነግረናል። ሽቦውን ጨርሶ አይነካውም።»

«ሳይነካ ነው የሚያውቀው?»

«ሳይነካ።»

«እኔ እንኳ ቢያንስ እጄን አሳርፋለሁ» አሉ ጋሼ ቡኮ ቅር እያላቸው። «ከእጅ አይሻል ዶማ!»

ቴስተር እየሳቀች ታወራለች፣ እያወራች እጇ ይሠራል። ሽቦውን አሳለፈች፣ ብሎኑን አጠበቀች፣ ሴንሰሩን በፕላስቲክ ክዳኑ ሸፈነች። ከዚያ ለሴንሰሩ አምስት ቮልት ሰጥታ የሚወጣውን ምልክት በመለኪያዋ አየች።

«ወይዘሮዋ ቆማለች?» ጠየቁ ጋሼ ቡኮ።

«ቆማለች።»

«ታዲያ ምን ይላል?»

«ሁለት ነጥብ አምስት ቮልት።»

«ሳትሠራ? ገና ቁጭ ብላ የደመወዟን ግማሽ በላች በይኛ!»

«የሱ ዜሮ እዚያ ነው፣ ጋሼ። የኛ ከረንት በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል። ሴንሰሩ ከታች ከዜሮ ቢነሳ፣ ወደፊት የሚሄደውን ብቻ አይቶ የሚመለሰው ያመልጠዋል። ስለዚህ በዜሮና በአምስት መሃል ቆሞ ይጠብቃል። ከረንቱ ወደፊት ሲሄድ ከሁለት ተኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲመለስ ወደ ታች ይወርዳል። ለአንድ አምፔር አርባ ሚሊቮልት ይርቃል። ሳጥኑ ውስጥ ያስቀመጥኩት ትንሽ ኮምፒውተር ከመሃል ምን ያህል እንደራቀ አይቶ አምፔሩን ያወጣል።»

ጋሼ ቡኮ በዱቄታም ጣታቸው ቀለበቱን አመለከቱ። «ደረጃ መሃል ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነዋ። የሚወጣውንም የሚወርደውንም ያያል።»

«እንዲያውም ከኔ በተሻለ ነገሩት።»

ሽማግሌው ለመኮሳተር ሞክረው አልቻሉም። ወደ ጋጋሪዎቹ ሄደው «ሰምታችኋል? ወይዘሮዋ ቀለበት አሰረች!» ብለው ሲያስቁ ዋሉ። ልጄ ያሰረችላት ነው ማለትንም አልረሱም።

ሳቁ የቆየው እስከ ከሰዓት ነው። ጋሼ ቡኮ እንደ ወትሮው ሦስት ከረጢት ዱቄት ጨምረው ማሽኗን ሲያስነሱ፣ ሳጥኑ ላይ የተገጠመው ትንሽ የቁጥር ማሳያ መስታወት አሥራ አምስት አምፔር አለ። ሞተሩ ላይ የተለጠፈው ብረት ደግሞ ከዘጠኝ አምፔር በላይ አትሳቡብኝ ይላል። ቴስተር መስታወቱን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው፤ ቁጥሩ ግን አልተነቃነቀም። በማግስቱም አሥራ አምስት፣ በሦስተኛውም ቀን አሥራ አምስት። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይህ ነው።

በእርግጥ አንድ የማይገጥም ነገር ነበር። ሞተር ከመጠን በላይ ሲስብ የሚያጠፋ መከላከያ ሳጥኑ ውስጥ አለ፤ አሥራ አምስት አምፔር እውነት ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ባጠፋት ነበር። ይህንን ለመሐንዲሱ ነገረችው።

«እሱም እኮ ከማሽኗ ጋር ያረጀ ነው» አላት በሐዘኔታ። «ተጣብቆ ይሆናል። ይሄማ ከሆነ ጭራሽ ያስፈራል፤ አንድ ቀን እሳት ይነሳብናል። ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ፣ ዓርብ ጠዋት እናነሳታለን፤ ወረቀቱ ላይ ሁለታችንም እንፈርማለን። ይቅርታ፣ እንደደከምሽ አይቻለሁ።»

ሰውየው ተሳስቷል ማለት አልቻለችም። ቁጥር አይዋሽም ያለችው እሷ ናት። ሥራዋን እንደገና ፈተሸች። ማሽኗ ስትቆም ሴንሰሩ ሁለት ነጥብ አምስት ይላል፤ ልክ ነው። ስትነሳ ምልክቱ ከመሃል ወደ ላይም ወደ ታችም እኩል ይሄዳል፤ ይህም ልክ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የጻፈችውን አርባ ሚሊቮልት ሦስት ጊዜ አየችው፤ እሱም ልክ ነው። ሰው ሌላው የሠራውን ይፈትሻል እንጂ የገዛ እጁ ለዓመታት የለመደውን አይፈትሽም። ክዳኑን ከፍታ ሽቦውን ማየት በሐሳቧ እንኳ አልመጣም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘናት የአጎቷ ነገር ነው። እንዲህ ዓይነት ቁጥር ሲመጣ ይቆጣሉ፣ መስታወቱን ይሰድባሉ ብላ ጠብቃ ነበር። አልተቆጡም። በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ሦስት ከረጢት መጨመር ትተው ሁለት ማድረግ ጀመሩ። ቁጥሩ ወደ አሥራ አንድ ወረደ። ሊጡ ስላነሰ የጎደለውን ለማካካስ ከማንም ቀድመው በማለዳ ይገባሉ። እጃቸውን ማሽኗ ላይ ከማሳረፋቸው በፊትም ወደ መስታወቱ ቀና ይላሉ። መሐንዲሱን ለማስደሰት ይሆናል ብላ አለፈችው።

ሐሙስ ከሰዓት አንድ የመጨረሻ ነገር ለመሞከር ወሰነች። ሽቦ በመንጋጋው እየያዘ ከረንት የሚለካ ክላምፕ የሚባል መሣሪያ አለ። የፋብሪካው ክላምፕ መንጋጋው ከተሰበረ ቆይቷል። ስለዚህ ሙያ ወዳስተማሯት፣ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ ወደሚያድሱት ሞተር ጠምዛዥ ሄደች፤ ሱቁ ሁለት ጎዳና ቢርቅ ነው።

የጠምዛዡ ሱቅ ከዱሮው አልተለወጠም። ወለሉ ላይ የመዳብ ቁርጥራጭ፣ ግድግዳው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ሞተሮች፣ አየሩ ውስጥ የቫርኒሽ ሽታ። ሰውየው አንዲት የቬንቲሌተር ሞተር ጠምዝዘው ጨርሰው ሊፈትኗት ተዘጋጅተው ነበር።

«ክላምፕ ነው? ትወስጃለሽ፤ ይህችን ልጨርስና። ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም፤ ቆማ እጃቸውን ታያለች። ጠምዛዡ ሽቦውን በክላምፑ መንጋጋ ውስጥ አሳለፉ፤ መልሰው አዙረው ደግመው አሳለፉት። ሞተሯ ተነሳች። ሰውየው ለራሳቸው እንደሚያንጎራጉሩ ሆነው አነበቡ፤ «ሁለት ዙር... አንድ ነጥብ ስድስት... ግማሹ፣ ዜሮ ነጥብ ስምንት። ደህና ነሽ።»

ቴስተር ክው አለች።

ይህን እጅ ታውቀዋለች። አምስት ዓመት ሙሉ እዚህ ወለል ላይ ስትማር በየቀኑ ያየችው ነው። ትንሽ ከረንት ድምፁ ቀጭን ነው፣ ሁለቴ አሳልፈሽ ስሚው፣ ከዚያ ለሁለት አካፍይው ይሏት ነበር። ሽቦው በቀለበቱ ሁለት ጊዜ ካለፈ ማግኔቱም ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ መለኪያው እጥፉን ያነባል፤ ሰውየው በልቡ ያካፍላል። እሷም የዚህ ሱቅ ልጅ ናት። ሃምሳ አምፔር ለሚችል ሴንሰር የወይዘሮዋ ከረንት ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ያን ቀን ከአጎቷ ጋር እየሳቀች ስታወራ እጇ ምን እንዳደረገ አሁን ግልጥ ብሎ ታያት።

«ምን ሆንሽ? ኤሌክትሪክ የያዘሽ ትመስያለሽ።»

«ሁለቴ አሳልፌዋለሁ» አለች።

«ጎበዝ!»

«ለኮምፒውተሩ ግን አካፍል አላልኩትም።»

ጠምዛዡ ነገሩ ሲገባቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እኔ አካፍዪ ያልኩት አንቺን ነው! ኮምፒውተሩን የት አውቄው!» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ። ቴስተርም ሳትወድ ሳቀች። አሥራ አምስት ለሁለት ሰባት ተኩል ነው። ሰባት ተኩል ደግሞ የጤነኛ ማሽን ቁጥር ነው። ክላምፑን አንስታ ወጣች፤ መንገዱን በሙሉ እየተራመደች ይሁን እየሮጠች አላወቀችም።

ፋብሪካው ስትደርስ ማሽኖቹ ቆመው ሠራተኛው ተበትኗል፤ መሐንዲሱም ሄዷል። ዓርብ ማለዳ ስትገባ ጋሼ ቡኮን አስቀድመው ገብተው አገኘቻቸው። ሁለት ከረጢት ዱቄት ድስቱ አጠገብ ቆሟል። ዋናውን ማብሪያ አጥፍታ ሳጥኑን ከፈተች፤ የሴንሰሩን ክዳን አነሳች። ሽቦው በቀለበቱ ያልፍና፣ ይዞርና፣ መልሶ ያልፋል። ሁለት ዙር፣ ጥንቅቅ ያለ፣ የጎበዝ ተማሪ ሥራ።

መቼም ሰው ነን፤ በዚያች ደቂቃ የመጣላት ሐሳብ የማንኛችንም ሐሳብ ነው። አንዱን ዙር ፈትታ ክዳኑን ብትመልሰው የሚያይ የለም። መሐንዲሱ ሲመጣ መስታወቱ ደህና ናት ይላል፤ ማሽኗ በተአምር ዳነች ይባላል፤ እሷም በሁለት ሳምንት ስህተት አትዋረድም። መፍቻዋን ብሎኑ ላይ አሳረፈች።

«ልጄ» አሉ ጋሼ ቡኮ ከኋላዋ። ዓይናቸው መስታወቱ ላይ ነበር። «ሁለት ከረጢትም በዝቶባት እንደሆነስ? ዛሬ አንድ ተኩል ላድርገው?»

እጇን ከብሎኑ መለሰች። ይህን ሽቦ በድብቅ ብትፈታው ማሽኗ ትተርፋለች፤ እኚህ ሰው ግን ያዳኗት በማሳነስ መስሏቸው ጡረታቸው እስኪደርስ አንድ ተኩል ከረጢት ሲያቦኩ ይኖራሉ። መፍቻዋን ኪሷ ከተተችው።

«ምንም እንዳይነኩ፣ ጋሼ። መሐንዲሱን ልጥራ።»

መሐንዲሱ ማሽን መጫኛ ጋሪ ከሚገፉ ሁለት ሰዎች ጋር መጣ። ጋጋሪዎቹም ነገር ያለ ስለመሰላቸው ሥራ ፈትተው ከበቡ። ቴስተር ነገሩን አላድበሰበሰችውም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ሽቦውን ሁለት ጊዜ አሳልፌዋለሁ። ሁለት ጊዜ ሲያልፍ ሴንሰሩ እጥፍ ያነባል። ለኮምፒውተሩ ይህን አልነገርኩትም። ወይዘሮዋ አንድም ቀን አሥራ አምስት አምፔር ስባ አታውቅም። መከላከያውም ያላጠፋት ለዚያ ነው።»

መሐንዲሱ ጎንበስ አለ። በጣቱ ሽቦውን ተከትሎ «አንድ... ሁለት...» ብሎ ቆጠረ። ከጋጋሪዎቹ አንዱ አፉን በሽርጡ አፍኖ ሳቀ። መሐንዲሱ ቀና ሲል ጆሮው ቀልቶ ነበር።

«ወይዘሮዋ ትነሳ የሚለው ወረቀት ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ። «ክዳኑን አንስቼ ማየት አይቸግረኝም ነበር።»

«እኔም ፈርሜበታለሁ።»

ወጣቱ መሐንዲስ ራሱ ቀድሞ ፈገግ አለ። «ዙሩን አትፍቺው። ሁለት ሲሆን ሴንሰሩ ጥሩ አድርጎ ይሰማታል። ለኮምፒውተሩ ንገሪውና ክዳኑ ላይ በትልቁ ጻፊው። በይ፣ አሁን በሙሉ ጭነት እንያት። ጋሼ፣ ስንት ከረጢት ነበር ድሮ?»

ጋሼ ቡኮ ወደ ዱቄት ቤቱ ሄደው ሦስተኛውን ከረጢት በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። በሃምሳ ሰባተኛ ዓመት የልደት ቀናቸው ሸክም ይበቃኛል ያሉ ሰው ናቸው፤ ያን ጠዋት ግን የሚያግዛቸው አልፈለጉም።

ቴስተር ለኮምፒውተሩ ለሁለት አካፍል ብላ ጻፈችለትና ዋናውን ማብሪያ መልሳ አበራች። ወይዘሮዋ ተነሳች። ቴስተር የጠምዛዡን ክላምፕ ሽቦው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አስገባችው፤ ሰባት ነጥብ አራት። መስታወቱም ሰባት ነጥብ አራት። መሐንዲሱ ለባለ ጋሪዎቹ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ጋሪው ባዶውን እየተንኳኳ ተመለሰ። ጋጋሪዎቹ አጨበጨቡ፤ ቴስተርም ከዚያች ቀን ጀምሮ «ሁለት ዙር» እያሉ ሊጠሯት እንደሆነ ገባት።

ሰው ሁሉ ወደየሥራው ሲሄድ አጎትና የእህት ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

«ጋሼ» አለች። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያዳምጧት ኖረዋል። ደህና መሆኗን ጆሮዎ እየነገረዎት ለምን ዝም አሉ? ይሄ ቁጥር ውሸት ነው ለምን አላሉኝም?»

ጋሼ ቡኮ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«ጆሮዬ ሄደ ብዬ ነዋ። እሱ ደህና ናት ይለኛል፣ ያንቺ ቁጥር ታማለች ይለኛል። እርጅና በጆሮ ይገባል ሲሉ እሰማለሁ። ለባለቤቴ እንኳ ‹ካሁን በኋላ ጮክ ብለሽ አውሪኝ› ብያት፣ ይኸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ትጮህብኛለች። ጎረቤት የተጣላን መስሎት ሊያስታርቀን መጥቷል።»

ቴስተር እየሳቀች ዓይኗ እንባ ሞላ። «እና ቁጥሩን አመኑት?»

«ቁጥሩን መቼ አመንኩት!» አሉ ሽማግሌው ገርሟቸው። «ቁጥር ለኔ ምኔ ነው? ያመንኩት አንቺን ነው።»

ቴስተር «ይቅር ይበሉኝ» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ጋሼ ቡኮ ወደ ማሽኗ ዞረው ነበር። ሊጡ መያያዝ ጀምሯል። እጃቸውን ዘረጉና ከማሳረፋቸው በፊት፣ እንዳለፉት ቀናት ሁሉ፣ ወደ መስታወቱ ቀና አሉ።

ቴስተር አንድ እርምጃ ተራምዳ መስታወቱን በመዳፏ ሸፈነችው።

«እሱን ይተዉት» አለች። «መጀመሪያ እርስዎ ይበሉኝ።»

ሽማግሌው መዳፋቸውን የወይዘሮዋ ጎን ላይ አሳረፉ፣ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሞተሩ ያጉረመርማል፤ ብረቱ ሊጡን እየጠቀለለ ይዞራል።

«ከረንቱን እንጃ» አሉ በመጨረሻ። «ውሃ ግን አንሷታል።»

ከባልዲው ግማሽ ጆግ ቀድተው በድስቱ ጠርዝ ቀስ አድርገው አፈሰሱ። ብረቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞረ፤ ወይዘሮዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ቴስተር ለውጡን በራሷ ጆሮ ሰማችው። መዳፏን ከመስታወቱ ላይ ለማንሳትም አልቸኮለችም።